ቁስልን ይዞ መነሣት

የትንሣኤ በዓል ሲደርስ በየቤቱ ዶሮው ይሠራል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል። ሆኖም ከማዕዱ ዙሪያ አንድ ሰው የጎደለባቸው ቤቶች ጥቂቶች አይደሉም። ዛሬ ልናነሣ የወደድነው የእነዚህን ቤቶች ነገር ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ካጡት ወላጆች ብዙዎቹ ከሞቱ ሌላ አንድ ተጨማሪ መከራ ተጭኖባቸው ነበር፤ ማልቀስ ተከልክለዋል። የልጃቸው ሬሳ በመንገድ ወድቆ እያዩ ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ ተደርገዋል። ሬሳውን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ። ሐዘኑን በለቅሶ፣ በእድር፣ በአርባና በተዝካር ደረጃ በደረጃ ለሚያወጣ ሕዝብ ይህ ሁለተኛ ሞት ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱ፣ አጽሙን በልብሱ ቅዳጅ የለዩ ቤተሰቦች ከአሥር ዓመት በላይ ታፍኖ የቆየውን ለቅሶ ያን ጊዜ ጀመሩት። ለእነርሱ የመጽናናት መንገድ የተከፈተው በእንባ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት፣ ጎብኚውን እየመሩ ካስረዱት መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ሰዎች ይገኙበታል። የደረሰባቸውን ለማያውቅ ወጣት ደጋግሞ መንገር ሕመም እንደሌለው አድርገን አንመልከተው። ሕመሙ እያለ ሥራ ሆኗል።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሆኑት ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠኑት ይህንኑ ነው። እንደ እነርሱ አባባል፣ ከመከራ በኋላ የሚታየው የመንፈስ ዕድገት የሚመጣው ሰው ከደረሰበት ነገር ጋር ከሚያደርገው ትግል ነው፤ መከራው በራሱ ምንም አይሰጥም። ዕድገቱና ሥቃዩም በአንድ ልብ አብረው ይኖራሉ። እንግዲህ ልጇን ለቀበረች እናት «ለበጎ ነው» ለማለት የምንቸኩል አጽናኞች (ቸኩለን የማናውቅ ማን አለ?) አፋችንን ብንሰበስብ ይሻላል።

በዳግም ትንሣኤ የሚነበበው የቶማስ ታሪክም ወደዚሁ ይመራናል። ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው ጌታ የችንካሩን ምልክትና የተወጋ ጎኑን አልሸሸገም፤ ቶማስ ያወቀውም በዚያው ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ሰው ያጡ ቤቶች፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ብዙ በዓላትን በጎደለ ማዕድ አሳልፈዋል። ወደ እነርሱ ስንሄድ የሟቹን ስም ከማንሣት አንሽሽ፤ እናቱ ስታወራልን ወሬ አንለውጥባት። እንቅልፍ የራቀው፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚበረግግ ካለ ደግሞ ጠበሉን ሳያቋርጥ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ። ከዛሬ እስከ ዳግም ትንሣኤ ያሉት ቀናት እንደ ወጋችን ዘመድ የሚጠየቅባቸው ናቸው።