ትእዛዝ የሚተፋው ማሽን

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የቢሮ ዕቃ ወሬ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው።

ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ የመንገድ ሥራ ሳይት በቢሮ ሠራተኛነት አገልግዬ ነበር። ቀድሞ ደብዳቤ የሚደርሰን በነዳጅ ቦቴ ሹፌር እጅ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ዘግይቶ ነበር። በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት የሳይቱን ፕሪንተር ከራሱ ኔትወርክ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ንድፉም፣ የዕቃ ማዘዣውም፣ ሰርኩላሩም ማንም ሳይነካው ከማሽኑ አፍ ይወጣ ጀመር። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለካ ለእኛ ኖሯል!

አንድ ማለዳ ቢሮ ስደርስ የሌሊቱ ጥበቃ ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የ23 የቀን ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ነበር፤ ከስም ዝርዝሩ ውስጥ የገዛ ወንድሙ ይገኝበታል። «ማንን ልጠይቅ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱ የመሥሪያ ቤት ስም እንጂ የሰው ስም የለበትም፤ ማሽኑም መናገር እንጂ መስማት አያውቅም።

ጉዱ ገና ነበር። ተሰናባቾቹ ቀሪ ሂሳባቸውን ሊቀበሉ ሲሄዱ ገንዘብ ያዡ ያንኑ ወረቀት «ክብ ማኅተምና ቲተር የለበትም» ብሎ መለሰባቸው። ለማባረር የበቃ ወረቀት ለመክፈል ሳይበቃ ቀረ! ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በመኪና እስኪመጣ ድረስ እነዚያ ሰዎች አሥር ቀን ሙሉ በሳይቱ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማሽኑ ነውን? አይደለም። ጥፋቱ ትእዛዝ በፍጥነት እንዲወርድ መንገድ ተጠርጎለት፣ አቤቱታ የሚወጣበት መንገድ ግን እንደ ጥንቱ ዳገት ሆኖ መቅረቱ ነው። የሕግ እጦትም ምክንያት ሊሆን አይችልም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጡ ቆይተዋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከትሏል። ይህም ሆኖ በየመዝገብ ቤቱ ዛሬም የሚታመነው ክብ ማኅተም ነው፤ የሠራተኛው የደመወዝና የሕመም ወረቀት ደግሞ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ ላይ ተዘርግቶ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ተቀባዩ በአካል ቀርቦ የምሥጢር ቁጥሩን ካላስገባ ወረቀት የማያወጣ ፕሪንተር ከተፈጠረ ቆይቷል። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ የላኪው ኃላፊ ስምና ስልክ ይጻፍ። በዚያው መስመር የሠራተኛው መልስና አቤቱታ ወደ ላይ ይላክ፤ መድረሱም ይረጋገጥለት። ከሁሉ በላይ ግን ሰውን ከእንጀራው የሚያፈናቅል ቃል አስቀድሞ በሰው አንደበት ይነገር።

«ወደ ቦቴው ሹፌር እንመለስ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ሆኖም ያ ሹፌር ደብዳቤ ሲያመጣ ቡና ጠጥቶ፣ ችግራችንን ሰምቶ፣ የእኛንም ደብዳቤ ይዞ ይመለስ ነበር። ማሽኑን የተከሉ ሰዎች የዘነጉት ይህችን መልስ ጉዞ ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን!