ወረቀቱን ተዉና ጌሙን ክፈቱ

«ስዊች 2 እኮ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንኳ አይደርስም!» ይህን ወሬ መስማት አንገፍግፎኛል። የሚያወሩት ሰዎች በእጃቸው ያለው ማስረጃ አንዲት ቁጥር ናት፤ ቴራፍሎፕ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 1.84፣ በ2025 የወጣው የኔንቲዶ ስዊች 2 በእጅ ተይዞ ሲሠራ 1.71። በቃ፣ ተፈረደ! እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበልም፤ ለግራፊክስ የሚገደው ሰው እንዲህ አይፈርድምና።

ያው ስዊች 2 ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ 3.07 እንደሚደርስ አይነግሯችሁም። ይሁንና በዚህም ቁጥር መርታት አልፈልግም። ቴራፍሎፕ ቺፑ በሰከንድ ቢበዛ ምን ያህል ስሌት መሥራት እንደሚችል እንጂ ስሌቱን ምን ላይ እንደሚያውለው አይናገርም፤ ኬሻ ቆጥሮ ምርት እንደመገመት ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ፕሮሰሰር ለርካሽ ላፕቶፖች ከተሠራ ቤተሰብ የመጣ፣ በወጣበት ዘመን ራሱ ደካማ የነበረ ነው። ጌሙን የሚያነበው ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲሆን ከ8 ጊጋባይት ሚሞሪው ለጌም የሚተርፈው 5 ገደማ ብቻ ነው። ስዊች 2 ከ12ቱ 9ኙን ለጌም ይለቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኤንቪዲያ ቺፑ ዲኤልኤስኤስ የሚባለውን ብልሃት ያውቃል፤ ምስሉን አሳንሶ ይስልና መልሶ በትልቁ ይገነባዋል። ፕሌይስቴሽን 4 ይህን አያውቅም።

ወደ ጌሙ እንምጣ፣ ወደ ሳይበርፐንክ 2077። ታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሆነውን የተጫወተ አይረሳውም። የሰው ፊት ጭቃ መስሎ ይቆይና ዘግይቶ ይጠራል፣ ሕንፃዎች አጠገባቸው ከተደረሰ በኋላ ብቅ ይላሉ፣ ጌሙ ስታክ ያደርጋል፣ ከዚያም ጭራሽ ይዘጋል። ሶኒ በቀናት ውስጥ ከራሱ የኢንተርኔት መደብር አወረደው፤ የተመለሰውም ሰኔ 2021 ነው። በ2023 ፋንተም ሊበርቲ የተባለው ተጨማሪው ክፍል ሲመጣ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 ጨርሶ አልተሠራም። ያረጀው ማሽን አይሸከመውማ!

ስዊች 2 ላይ ግን ጌሙ ፋንተም ሊበርቲን ጨምሮ በአንዲት 64 ጊጋባይት ካርድ ላይ ይሸጣል። ዶግታውን ወደሚባለው የፋንተም ሊበርቲ ሰፈር በመኪና ስገባ መንገዱም ሕንፃውም ቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቀኛል። ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ይጎተታል፣ አልክድም፤ በፍጥነት ሲዞሩ የምስሉ ጠርዝ ይሻክራል። ቢሆንም አንደኛው ማሽን ይህን ሰፈር በደካማ ጥራት እንኳ አላሳየንም፤ ሌላኛው በእጅ ተይዞ፣ በባትሪ ያሳየናል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

በሌላው ጫፍ ቆመው «ፕሌይስቴሽን 5ን ተስተካከለ» የሚሉትም አያታልሏችሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ከሚሞሪው በሰከንድ 448 ጊጋባይት ይቀዳል፤ ስዊች 2 ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ እንኳ 102 ብቻ። በዚህ በኩል ፕሌይስቴሽን 4 ራሱ 176 በመቅዳት ይበልጠዋል። ይህን ጉድለት ዲኤልኤስኤስ ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

አዲስ መሆን ብቻውን እንደማያሸንፍም ኔንቲዶ ራሱ ያውቀዋል። በ2012 ያወጣው ዊ ዩ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ይዞ 512 ሜጋባይት ካላቸው ከፕሌይስቴሽን 3 እና ከኤክስቦክስ 360 ጋር ተፋለመ። ፕሮሰሰሩ ቀርፋፋ ስለነበር ከእነሱ የተዛወሩ በርካታ ጌሞች እሱ ላይ ብሰው ታዩ። ያኔ የተጠራጠሩት ልክ ነበሩ። የዛሬዎቹ ግን ጌሙን ሳይከፍቱ የዚያን ጊዜውን ፍርድ ይደግማሉ።

ኮንሶል ልትገዙ ወይም ውጭ ያለ ወንድማችሁን «ይህን ላክልኝ» ልትሉ ከሆነ የቁጥር ሰንጠረዡን ወደ ጎን አድርጉት። «ፕሌይስቴሽን 4 ይሻላል» ብሎ የሚሟገታችሁንም፣ ማሽኑን አብርቶ ፋንተም ሊበርቲን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት።