ከሙያ በፊት ተሰጥኦን መለየት

አንድ ወጣት «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሳያመነታ «ሐኪም» ወይም «መሐንዲስ» ብሎ ይመልሳል። «ለምን?» ሲባል ግን ዝም ይላል፤ መልሱ የወላጆቹ፣ የጓደኞቹ ወይም የጎረቤቱ እንጂ የራሱ አይደለምና። በእኔ አስተያየት ወጣቶች ሙያ ከመምረጣቸው በፊት በተፈጥሮ የታደሉትን ተሰጥኦ ለይተው እንዲያውቁ መርዳት የወላጆችና የመምህራን ዐቢይ ተግባር ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የሩቅ ጊዜ ነገር አይደለም። ወደ 11ኛ ክፍል ሲዛወሩ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። በዚያን ጊዜ ራሱን ሳይመረምር ጓደኛውን ተከትሎ የገባ ተማሪ ስሕተቱን የሚረዳው ብዙ ጊዜና ልፋት ከባከነ በኋላ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለዚህም ይሠራል፤ የሙያን ማዕረግ ከመመኘት ራስን ማወቅ ይቀድማል።

በዚህ ረገድ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሕይወት አስተማሪ ነው። በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በሒሳብና በኬሚስትሪ ትምህርት ደካማ አልነበሩም። ሆኖም መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥኦአቸውን አስተውለው ስላበረታቷቸው፣ ለንደን ውስጥ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍነው ባለቀለም የመስታወት ሥዕላቸው የዚያ ማስተዋል ፍሬ ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድን ትምህርት ማለፍ መቻልና ለሙያው መፈጠር አንድ አለመሆናቸውን ነው።

አንዳንዶች «ተሰጥኦ እንጀራ አያበላም፤ ልጁ ደመወዝ የሚያስገኝለትን ይማር» ይላሉ። የኑሮ ችግር የሚያስጨንቀው ወላጅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በሽተኛ የሚሰለቸው ሐኪም ወይም ሕፃናትን የማይወድ መምህር የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ የሚያገለግለውንም ሕዝብ ጭምር ነው። በአንጻሩ ሥራውን የሚወድ አናጢ ወይም መካኒክ ሙያውን ዕለት በዕለት ያሻሽላል፤ ደንበኛም ያፈራል፤ እንጀራውም ከዚያው ይመጣል።

ይሁን እንጂ ተሰጥኦ የሚገኘው በመሞከር እንጂ ተቀምጦ በማሰብ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ክበባት ገብቶ መጻፍን፣ መሣልን፣ መጠገንን፣ ስፖርትን፣ ቤተ ሙከራን ሁሉ ይቅመስ። ከዚያም ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ማንም ሳያዘኝ የምሠራው የትኛውን ሥራ ነው? ስሳሳት ሳልሰለች ደግሜ የምሞክረው የትኛውን ነው? ጓደኞቼ «እርዳን» ብለው ወደ እኔ የሚመጡት በምን ጉዳይ ነው? ወላጆችም «ይህን ሁን» ከማለት ይልቅ ልጃቸው በምን እንደሚመሰጥ ያስተውሉ፤ መምህራንም ከፈተናው ውጤት ባሻገር የተማሪውን ዝንባሌ ይመልከቱ።

በመጨረሻም፣ ተሰጥኦ ያለ ትጋት ከንቱ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ተሰጥኦውን ያወቀ ተማሪ ግን ትጋቱን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ያውቃል። እንግዲህ የመምረጫው ቀን ሳይደርስ ራሳችሁን መርምሩ፤ የሕይወታችሁን ጥያቄ ጎረቤት አይመልስላችሁ።