ኮርሳ ልትገዙ ነው? ቀለሙን ተዉትና ልኩን እዩ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ዕቁብ ደርሶኛል፣ ኮርሳ ልገዛ ነው። አዲስ ይሻላል ያገለገለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሱ በፊትም ሁለት ሦስት ልጆች ይሄንኑ ጠይቀውኛል። ስለዚህ እዚሁ ለሁላችሁም ልመልስ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ብራችሁ ትንሽ ከሆነ ያገለገለ፣ ልካችሁ የሆነ፣ የብረት ወይም የአልሙኒየም ኮርሳ ግዙ። ካላችሁ ብር ላይ ደግሞ ከአስሩ ሦስቱን ለጎማ፣ ለፍሬንና ለሄልሜት አስቀሩ።

ይሄን የምለው ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። የመጀመሪያዬን ኮርሳ የገዛሁት እኔም በዕቁብ ብር ነው። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር። ሻጩ «ገና ምንም አልተነዳም» አለኝ፣ አመንኩት። ከቁመቴ ይበልጥ እንደነበር ገና ስወጣበት አውቄዋለሁ፤ ግን «እለምደዋለሁ» አልኩ። በሁለት ወር ውስጥ ወገቤ አላስተኛኝ አለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከቤዛዊት ኮረብታ ወደ ባሕር ዳር ስወርድ ፍሬኑን ብጨብጠው ብጨብጠው እምቢ! በእግሬ እየጎተትኩ ዳር ያለው አሸዋ ውስጥ ገብቼ ተረፍኩ። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ጠጋኙ ሲፈታው የፍሬኑ ሽቦ ከውስጥ ዝጎ ተበጥሷል። ለካ የገዛሁት አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሳይክል ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ፦

1. ልክ። ሳይክሉን በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቁሙ። በላይኛው ብረትና በእናንተ መሃል ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። መቀመጫ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የረዘመ ቴላዮ ግን አያጥርም።

2. ቴላዮ። መጋጠሚያዎቹን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ስንጥቅ ወይም ያበጠ ቀለም ካለ ተዉት። ያገለገለ ካርቦን በርካሽ ተገኘ ቢባልም ይቅርባችሁ፣ ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል።

3. ቸርኬና ካቴና። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ከተወላገደ ዋጋ አስቀንሱ። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ ወደ ፊት ሳቡት፤ በደንብ ከለቀቀ አልቋል ማለት ነው። ካቴና ሲያልቅ የኋላውን ጥርስም ይዞ ያልቃል፣ ያ ሌላ ወጪ ነው።

4. ጎማ። አብዛኛው የኮርሳ ጎማ 700 ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በከተማችሁ ጎማውና ካላማዳሪያው መገኘቱን ጠይቁ። ቴላዮው የሚያስገባው ከሆነ ደግሞ ከቀጭኑ 23 ይልቅ 28 ይሻላችኋል። የኛን አስፋልት ታውቁታላችሁ።

«ያገለገለ መግዛት የሰው ችግር መግዛት ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፣ እኔ ራሴ ገዝቻለሁ። ግን የኔ ጥፋት ያገለገለ መግዛቴ አይደለም፤ ሳላይ መግዛቴ ነው። በትንሽ ብር የሚገኘው አዲስ ኮርሳም ብዙ ጊዜ የሚቆጠበው ከማይታየው ቦታ ነው፤ ከፍሬኑና ከኩሽኔታው።

ሌላው ደግሞ ስም ነው። ፅጋቡ ግርማይ በፈረንጆቹ 2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንኮራበታለን። ግን እንደሱ ዓይነት ሳይክል ካልገዛሁ አትበሉ። እሱን መካኒክ በመኪና ይከተለው ነበር፤ እኛን የሚከተለን ባጃጅ ነው። ለኛ የሚሆነን የሰፈራችን ጠጋኝ ፈትቶ የሚገጥመው ሳይክል ነው።

ላንተ ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ብሩን ለማንም ቀብድ እንዳትሰጥ። ቅዳሜ ጠዋት ደውልልኝ፣ ሜትር ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ። ቀይ ከሆነ ግን ሁለቴ ነው የማየው 😀

ሌሎቻችሁም ከገዛችሁበት ልምድ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ለሚገዛ ልጅ ይጠቅማል። በሰላም ንዱ!