ለእግረኛው ስንት ክንድ?



በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ-ወልድያ መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የጋይንትን ምድር አቋርጦም በነፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ያልፋል። ለአካባቢው ባለውለታ ነው፤ እህልን ወደ ገበያ፣ ታማሚን ወደ ሐኪም አድርሷል። ነገር ግን አገር ለአገር የሚያገናኝ አውራ ጎዳና ግራና ቀኙ ከተማ ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ተማሪው፣ ጀሪካን ያዘለችው እናት፣ አህያውን የሚነዳው ገበሬ ከጭነት መኪናና ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ እስከ መቼ?

የእግረኛ መንገድ ይሠራ ሲባል የሚቃወም የለም። ክርክሩ የሚነሳው “ከማን ደጅ ተቆርሶ?” ሲባል ነው። ባለሱቁ ዕቃውን የሚደረድረው እዚያው ነው። የጉሊቷ እናት የልጆቿን ጉርሻ የምታገኘው ከዚያው ዳር ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ሲሠሩ በመንገዱ ዳር የነበሩ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል። ጥቅሙም ጉዳቱም እውነት ስለሆነ አስቀድሞ መመካከር ግድ ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲወዛገቡ ሰባት ክንድ እንዲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወስነዋል። መንገድ ጉልበተኛው የፈለገውን ወስዶ ትራፊውን ለአላፊ አግዳሚ የሚተውለት ሳይሆን የሁሉም ሐቅ ነው ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል።

ይሁንና ሰው ሰብስቦ “ትስማማላችሁ?” ብሎ እጅ ማስወጣት ምክክር አይባልም። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ለሚጠራ ስብሰባ ተማሪው፣ ዓይነ ስውሩና ውኃ ቀጂዋ አይመጡም። መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ጠያቂው ወደ እነርሱ ይሂድ፦ በገበያ ቀን ወደ ገበያው መግቢያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወደ መስጂድ በር፣ እሑድም ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ጥያቄውም የሚጨበጥ ይሁን። ልጆች የሚሻገሩት የት ላይ ነው? በክረምት ጎርፉ የሚተኛው የት ነው? የጭነት ከብት በየት ይለፍ? ጉሊቷ ወዴት ትዛወር? የቦዩ ክዳን ሲሰበር ማን ይተካዋል? ክዳኑ የተሰበረ ቦይ ለማታ መንገደኛ ጉድጓድ ነውና። የወረቀት ፕላን ለማይገባው ደግሞ ገመድ ዘርግቶ፣ በኖራ አስምሮ መሬቱ ላይ ማሳየት ይበጃል።

ይህ ለነፋስ መውጫ ብቻ የሚነገር አይደለም። የስማዳዋ ወገዳ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስም ነገ መንገዳቸው ሲሰፋ ይኸው ጥያቄ ደጃቸው ይመጣል።

ወጣቶች ሆይ! እስከዚያው እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አንድ ጠዋት ከመንገድ ዳር ሆናችሁ ስንት ሰው በእግሩ፣ ስንት ተሽከርካሪ እንዳለፈ ቆጥራችሁ መዝግቡ። በመሐንዲስ ፊት ቁጥር ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። ወላጆችም ስብሰባ ስትጠሩ “ከእኔ ደጅ አይነካ” ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። መምጣት ላልቻለው ጎረቤታችሁም ተናገሩ፤ እናንተ የምትለቁትን ክንድም አብራችሁ ንገሩ።

አላህ የመንገድን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም!