«ካልተመቸው ይውጣ» መልስ አይደለም

ሃይማኖት የሌለው ተማሪ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ አንድ ደንብ ቅሬታ ባሰማ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ያው ነው። «ማን ግባ አለው? ካልተመቸው ይውጣ!» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግማሹ ልክ ነው። ችግሩ ያለው ቀሪው ግማሽ ላይ ነው።

ልክ የሆነው ይቅደም። የአሜሪካ ትልልቅ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ማንነታቸውን አይደብቁም። ዋሽንግተን ያለው ጆርጅታውን፣ ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1789 የሚጀምር የኢየሱሳውያን ማኅበር ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምንም ያጥና ምን፣ ሁለት የነገረ መለኮት ኮርስ ይወስዳል። ኢንዲያና ያለው ኖትርዳምም ሁለት ያስወስዳል፤ በዚያ ላይ ዶርሞቹ በጾታ የተለዩ ናቸው፤ የተቃራኒ ጾታ እንግዳም በሥራ ቀናት እኩለ ሌሊት ላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ሳያነብ የተመዘገበ ተማሪ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። መስቀሉ ከግድግዳው ይውረድልኝ ማለትም የሰው ቤት ገብቶ ምሰሶ መነቅነቅ ነው።

ኮርሱም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። ጆርጅታውን ውስጥ ብዙዎች የሚጀምሩበት ኮርስ ገና ከስሙ እግዚአብሔርን እንደ ጥያቄ ያቀርባል። ተማሪው አንብብ፣ አስብ፣ ተከራከር ይባላል እንጂ እመን አይባልም።

ስህተቱ የሚጀምረው «ደንቡን ተቀብለህ ገብተሃል» የሚለው ንግግር «ስለዚህ አፍህን ዝጋ» ወደሚለው ሲሸጋገር ነው። ደንብ ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ዝም ማለት ሌላ። ስኮላርሺፕ አግኝቶ የገባ፣ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ «ውጣ» ሲባል ወዴት ነው የሚወጣው? ገንዘቡንና ዓመቱን ማን ይመልስለታል?

ይህን የሚሉ ሰዎች ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኒቱ በላይ ካቶሊክ እየሆኑ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ ሊገደድ እንደማይገባ ደንግጓል። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ለካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ያወጡት ሰነድም ሁሉም የተቋሙን ካቶሊካዊነት እንዲያከብር ይጠይቃል፤ ተቋሙም በበኩሉ የእያንዳንዱን ሰው የኅሊና ነጻነት እንዲያከብር ያዛል። ግዴታው የሁለቱም ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሳንድራ ፍሉክ የተባለች የጆርጅታውን የሕግ ተማሪ የተማሪዎች የጤና መድን የወሊድ መከላከያን እንደማይሸፍን በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ተናገረች። ታዋቂው የሬዲዮ ሰው ራሽ ሊምባው በጸያፍ ቃል ሰደባት። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጆን ዲጆያ ታዲያ «ካልተመቸሽ ውጪ» አላሏትም። ዩኒቨርሲቲው አቋሙን ሳይለውጥ፣ እሳቸው የመናገር መብቷን ቆመው ተከላከሉ። ቤቱ አልፈረሰም፤ መስቀሉም አልወደቀም።

ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1630ዎቹ አፄ ፋሲለደስ ያባረሯቸው ኢየሱሳውያን ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ከካናዳ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ፤ በ1950 ደግሞ በአባ ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከፈቱ። የመጡት በስምምነት ነው፤ የካህን ልብስ ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ይለብሳሉ፣ ተማሪውን ወደ እምነታቸው አይሰብኩም። ቃላቸውን ጠብቀው አስተማሩ። የአገሪቱ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በዚህ ስምምነት ላይ ነው።

ዛሬም የኦርቶዶክስና የሙስሊም ወላጆች ልጆቻቸውን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስገባት ይሽቀዳደማሉ። ልጃቸው በግድ ቅዳሴ ግባ ቢባል ግን በማግስቱ ዳይሬክተሩ በር ላይ ናቸው። ያን ጊዜ «ካልተመቸህ ልጅህን አውጣ» የሚል የለም። ታዲያ ያው ክብር ለማያምነው ተማሪ ሲሆን ለምን ቅንጦት ይሆናል?

መልሱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ። የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የሚጠብቀው ነገር እንዳለው ይታመናል፤ ሃይማኖት የሌለው ግን ባዶ እጁን እንደመጣ ይቆጠራል። ምንም ስለማያምን ምንም አይጎድልበትም ይባላል። ይህ ሐሰት ነው። የማያምን ሰው ኅሊና አለው፤ ያልመነበትን ጸሎት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማስመሰል የሚያሳፍረውም ለዚህ ነው። ያን እፍረት አማኝ የሆነ ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባ ነበር።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ደንቡን ተማሪው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይንገር፤ ማርክ ሲሰጥ እውቀትን እንጂ እምነትን አይመዝን። ተማሪው ደንቡን አንብቦ ይግባ፤ ቤቱንም ያክብር። ከዚያ በኋላ ቅር ያለውን ይናገር። የማይጠየቅበት ቦታ ከሆነማ ጸሎት ቤት እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።