ፍጥነትን መግዛትና ዋስትናን መግዛት

በዛሬው ዘመን አንድ ቢሮ ሲከፈት ከጠረጴዛና ከወንበር ቀጥሎ የሚታሰበው የኢንተርኔት መስመር ነው። ቀድሞ በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በተላላኪ እጅ ይሄድ የነበረው ጉዳይ አሁን አብዛኛው በዚህ መስመር ይመላለሳል። መስመሩን መምረጥ የትልልቅ ኃላፊዎች ሥራ ብቻ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አለቃው «እስቲ ዋጋ አጠያይቅና አቅርብልኝ» ብሎ የሚያዘው አዲስ የተቀጠረውን ወጣት ነው፤ ወጣት ከሆነ ይህን ነገር ያውቃል ተብሎ ይታመናልና። ይህ ትእዛዝ ነገ ለእናንተም ሊደርስ ስለሚችል፣ ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባ ዛሬ ጥቂት እንወያይ።

ሻጭ አስቀድሞ የሚነግረን ስለ ፍጥነት ነው። ፍጥነት መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም አለካኩን ማወቅ ያስፈልጋል። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን፣ በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሰነድና ሥዕል የሚለካው ደግሞ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የተባለ መስመር በሰከንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው። 500 ሜጋባይት የሚሆን ሰነድ በ10 ሜጋቢት መስመር 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ በ100 ሜጋቢት መስመር ግን 40 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ሒሳብ የያዘ ሰው በትልቅ ቁጥር አይታለልም።

ከቁጥሩ ፊት ያለችውንም ትንሽ ቃል ማየት ነው። «እስከ 100 ሜጋቢት» ማለት ከዚያ አይበልጥም ማለት ነው እንጂ ከዚያ አያንስም ማለት አይደለም። ነገሩ እንደ ታክሲ ነው። ርካሹ መስመር ከብዙ ጎረቤት ጋር የሚጋሩት ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሚይዝበት ሰዓት ይጨናነቃል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚሰጠው መስመር ግን እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው፤ ዋጋው ይበዛል፣ ሌላ ተሳፋሪ ግን አይጫንበትም። እንዲሁም የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው ጋር እኩል መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ፊልም ለሚያይ ቤተሰብ ሰፊ መቀበያ ይበቃዋል፤ በቪዲዮ ስብሰባ የሚያደርግና ሰነድ የሚልክ ቢሮ ግን መላኪያው ከጠበበበት ዕለቱን ይቸገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለድርጅት የሚሸጠው መስመር ከመኖሪያ ቤቱ የሚወደደው ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ የአገልግሎት ዋስትና ስላለበት ጭምር ነው። ዋስትናውም የሚጻፈው በመቶኛ ነው። ለተማሪዎቼ የመቶኛን ሒሳብ ሳስተምር፣ 99 ከመቶ ሲባል ሙሉ እንደሆነ አድርገው ይቈጥሩታል። በፈተና 99 ያመጣ ልጅ በእውነት ጐበዝ ነው። በመስመር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ30 ቀን ወር 720 ሰዓት ነው፤ የዚህ አንድ መቶኛ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። 99.9 ከመቶ ሲሆን የሚፈቀደው መቋረጥ በወር 43 ደቂቃ ያህል ነው። 99.99 ሲሆን ደግሞ ከ4 ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል።

ከዚህም በኋላ መለኪያው በወር ነው ወይስ በዓመት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። 99.9 ከመቶ በዓመት ከተለካ የሚፈቀደው መቋረጥ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የሥራ ቀን ቢደርስ ቢሮው ሙሉ ቀን እጁን አጣጥፎ ይውላል፤ ሻጩ ግን ውሉን አላፈረሰም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥገናው ጉዳይ ነው። አንዳንድ ውል «በ2 ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» ይላል። ምላሽ መስጠትና መጠገን ግን አንድ አይደሉም፤ ስልክ አንሥቶ «ሰምተናል» ማለትም ምላሽ ነውና። ስለዚህ መስመሩ ተጠግኖ የሚመለስበት ሰዓት ለብቻው ይጻፍ። ሰዓቱ የሚቈጠረው ደንበኛው ካመለከተበት ጊዜ ጀምሮ ከሆነም፣ የተቋረጠበትን ሰዓትና የአቤቱታውን ቁጥር በመዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው በቢሮው ሊኖር ይገባል።

ካሳውንም በጥሞና ማንበብ ነው። የተለመደው ካሳ ከወር ክፍያ ላይ የሚቀነስ ጥቂት ገንዘብ ነው። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚከፍል ቢሮ አንድ ቀን ሙሉ ቢቋረጥበትና ካሳው በቀን ቢሰላለት፣ የሚያገኘው 200 ብር ነው። ያን ቀን ያመለጠው ገበያ በውሉ ውስጥ የለም። ከዚህ ሌላ ዋስትናው የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ፤ አስቀድሞ የተነገረ ጥገና፣ በራሳችን ሕንፃ የመብራት መጥፋት፣ የመንግሥት ትእዛዝ፣ ከአገር ውጭ የሚደርስ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ተለይተው ይጻፋሉ። እነዚህም በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ነገሮች አይደሉም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአገራችን ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳምንታት ቈይቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በባሕር ውስጥ የተዘረጉ ሁለት ገመዶች ተቈርጠው ኬንያንና ታንዛንያን የመሳሰሉ አገሮች ተቸግረዋል። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም ከባሕሩ ገመድ የምትደርሰው በጎረቤቶቿ በኩል ነው።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው «ካሳው ይህን ያህል ካነሰ ዋስትናው ለምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ጥቅሙ ሻጩ አስቀድሞ ማንን እንደሚጠግን ማስገደዱ ነው። በውል የታሰረበት ደንበኛና ያልታሰረበት ደንበኛ በአንድ ቀን ቢቋረጥባቸው፣ ሠራተኛው አስቀድሞ ወደ ማን እንደሚላክ መገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን ውድ ዋስትና ለሁሉም ቢሮ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የአውሮፕላን ትኬት የሚቈርጥ ቢሮ አንድ ሰዓት ቢቋረጥበት ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። በቀን ሁለት ሦስት ደብዳቤ የሚልክ የጥብቅና ቢሮ ግን እስከ ከሰዓት በኋላ ቢቈይ ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ አስቀድሞ «የእኛ አንድ ሰዓት ስንት ብር ያወጣል?» ብሎ ማስላት ነው። ዋስትናው ከዚህ ሒሳብ በላይ ካስከፈለ ትርፉ ለሻጩ ብቻ ነው።

ተጨማሪ መስመር መያዝም ሌላ መፍትሔ ነው። ለብዙ ዘመን በመንግሥት ድርጅት እጅ የነበረው የቴሌኮም ሥራ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ተወዳዳሪ አግኝቷል። ዋናውን በፋይበር፣ መጠባበቂያውን ከሌላው ድርጅት በሞባይል ኔትወርክ መያዝ ይቻላል። ሁለቱም ገመዶች በአንድ ቦይ የሚያልፉ ከሆነ ግን መንገድ ሲቈፈር አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቈርጣቸዋል። ለራውተሩም ባትሪ መግዛት አይረሳ፤ መብራት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው እርሱ ነው።

በመጨረሻ ለመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር ላሳስብ። የግዢ ክፍል 3 ፕሮፎርማ ሲሰበስብ የሚያወዳድረው ብዙውን ጊዜ ዋጋን ነው። የዋስትናው መቶኛ፣ የመለኪያው ጊዜ፣ የጥገናው ሰዓትና የካሳው አከፋፈል በመጠየቂያው ደብዳቤ ላይ አስቀድመው ካልተጻፉ፣ ርካሹ ያሸንፋል፤ መስመሩ በተቋረጠ ቀንም «ማን መረጠው?» ተብሎ የሚጠራው ወጣቱ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና፣ ሻጩ በአፉ የነገራችሁን ሁሉ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር ጠይቁት። ለመጻፍ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ያን ተስፋ ከዋጋው ጋር አትቍጠሩት።